የላስታ ዳገትና የሞተር ትኩሳት፦ በአየር የሚቀዘቅዙና ለውጥ የተደረገባቸው ሞተር ሳይክሎችን ሙቀት መከታተልና መቆጣጠር

መግቢያ

በላሊበላ የገና በዓል የሚከበርበት ሰሞን ከዓመቱ ቀዝቃዛ ወቅቶች አንዱ ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሲተም፣ በከተማዋ ጠመዝማዛ ዳገቶች ላይ የሚመላለሱት ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ከወትሮው የበለጠ ሰውና ዕቃ ይጭናሉ፤ በሕዝቡ መካከል እየቆሙና እየተነሡ በእግረኛ ፍጥነት ይጓዛሉ። አየሩ ይበርዳል፤ ሞተሩ ግን ይግላል። ይህ የሚቃረን የሚመስል ሁኔታ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሙቀት በምን እንደሚወሰን ለመረዳት ጥሩ መነሻ ነው። ሞተርን የሚያግለው በዋናነት የአካባቢው አየር ሙቀት አይደለም፤ ሞተሩ የሚሠራው ሥራና በክንፎቹ መካከል የሚያልፈው ነፋስ ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ነው።

ጉዳዩ ለላስታ ነዋሪ ከቴክኒክ ጥያቄ ያለፈ ነው። አንድ ሞተር ሳይክል የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ፣ የአንድ የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ እግር፣ ከገጠር ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ ለሚወሰድ ሕመምተኛ ደግሞ ብቸኛ መጓጓዣ ሊሆን ይችላል። ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ የቀረ ሞተር ባለቤቱን ገቢም፣ ጥሪትም ያሳጣዋል። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣና በየት እንደሚወጣ ያብራራል፤ ቀጥሎም የከፍታ ቦታ ቀጭን አየር፣ ዳገትና በሞተሩ ላይ የሚደረጉ ለውጦች የሚያስከትሉትን ውጤት ለየብቻ ይመረምራል፤ በመጨረሻም የመለኪያና የመቆጣጠሪያ ዘዴዎችን ያቀርባል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል? በየትስ ይወጣል?

በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሜጋ ጁል ገደማ ኃይል አለ። አነስተኛ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ከአራት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ በሁለት መንገድ ይወጣል፤ ከፊሉ ከጭሱ ጋር በማርሚታው ያልፋል፣ ሌላው ደግሞ በቴስታታው፣ በሲሊንደሩ ግድግዳና በዘይቱ በኩል ወደ ማቀዝቀዣ ክንፎቹ ይደርሳል። ይህ ሁለተኛው ክፍል ከጠቅላላው ኃይል በግምት ከመቶ 30 ሊሆን ይችላል። ውኃና ራዲያተር በሌለው ሞተር ይህን ሁሉ ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደው አየር ብቻ ነው።

መጠኑን በአንድ የአካባቢው መንገድ ላይ ማስላት ይቻላል። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከተማዋ ያለችው ደግሞ በ2,500 ሜትር አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ርዝመት 23 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጠቃላይ ክብደቱ ከአሽከርካሪው፣ ከተሳፋሪውና ከጭነቱ ጋር 300 ኪሎ ግራም የሆነ ሞተር ሳይክል 550 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ፣ ለመውጣቱ ብቻ 1.6 ሜጋ ጁል የሚሆን ሥራ ይሠራል። ሞተሩ ከነዳጁ ከመቶ 20ውን ወደ ሥራ የሚለውጥ ከሆነ ለዚህ ሥራ 8 ሜጋ ጁል፣ ማለትም ሩብ ሊትር ያህል ቤንዚን ያቃጥላል፤ ከዚህም ውስጥ 2.4 ሜጋ ጁል የሚሆነው ወደ ክንፎቹ ይሄዳል። ይህ ሙቀት በላሊበላ ከፍታ፣ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚፈላበት ቦታ፣ 8 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ ለመጣድ ይበቃል። የጎማውን ሰበቃና የአየሩን መቋቋም ሳይጨምር ማለት ነው።

ጉዞው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢካሄድ ይህ ሙቀት በ46 ደቂቃ ውስጥ ይሰራጫል፤ በአማካይ ወደ 870 ዋት ይሆናል። የቴስታታውና የሲሊንደሩ አሉሚኒየም 5 ኪሎ ግራም ቢመዝንና ማቀዝቀዙ በአንድ ጊዜ ቢቋረጥ፣ ብረቱ በየደቂቃው ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ይጨምራል። ዳገቱ በሚበረታበት ክፍል ጭማሪው ከዚህ ይፈጥናል። አሽከርካሪው ችግሩን ለማወቅና እርምጃ ለመውሰድ ያለው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠረው ስለዚህ ነው።

ቀጭን አየር የሚያስከትላቸው ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች

በላሊበላ ከፍታ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እፍግታ፣ በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከመቶ 75 ያህሉ ብቻ ይሆናል። ይህ በሞተሩ ሙቀት ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች አሉት።

የመጀመሪያው የማቀዝቀዝ አቅም መቀነስ ነው። ነፋስ ከክንፍ ላይ ሙቀት የመውሰድ ችሎታው በእፍግታውና በፍጥነቱ ብዜት ይወሰናል፤ ሆኖም ግንኙነቱ ቀጥተኛ አይደለም። የብዜቱ ኃይል እንደ ክንፎቹ ቅርጽና እንደ ነፋሱ መተራመስ ከ0.5 እስከ 0.8 ይደርሳል። በዚህ ስሌት እፍግታው ወደ ከመቶ 75 ሲወርድ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የማቀዝቀዝ አቅሙ ከመቶ 13 እስከ 20 ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ ከአየሩ በ120 ዲግሪ ይበልጥ የነበረ ቴስታታ፣ ያንኑ ያህል ሙቀት ለማስወጣት በላሊበላ ከአየሩ ከ139 እስከ 151 ዲግሪ መብለጥ ይኖርበታል። የደጋው አየር ከቆላው በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ይህ ቅዝቃዜ የሚመልሰው ከጠፋው ውስጥ የተወሰነውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ውጤት በተቃራኒው ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ነው። አየሩ ስለሚቀጥን ሲሊንደሩ በአንድ ምት የሚስበው ኦክስጅን በሩብ ያንሳል፤ የሞተሩ ከፍተኛ ጉልበትም በዚያው መጠን ይወርዳል። በቀላል ካርቡሬተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ እኩል አይቀንስም። አየሩ በእፍግታው ልክ ሲቀንስ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በላሊበላ ቤንዚን ከመቶ 15 ያህል የበዛበት ድብልቅ ይሰጣል። ይህ ድብልቅ ነዳጅ ያባክናል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ጉልበት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ትርፉ ቤንዚን በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ስለሚወስድ ቴስታታውን በመጠኑ ያቀዘቅዛል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ማለቱም ድብልቁ ያለጊዜው ፈንድቶ የሚያሰማውን የማንኳኳት ድምፅ ይቀንሳል።

ስለዚህ ከፍታ ብቻውን ሞተር አያቃጥልም። ከፍታ የሚያደርገው ሞተሩን ማድከም ነው፤ ለድካሙ ባለቤቱ የሚፈልገው መፍትሔ ነው አደጋውን ይዞ የሚመጣው።

ዋናው ምክንያት፦ ዳገት፣ ፍጥነትና ነፋስ

የዳገትን ተጽዕኖ ከከፍታ ተጽዕኖ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከላይ የተጠቀሰው 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ሳይክል በደልዳላ መንገድ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጎማው ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት 1.3 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ከመቶ 10 በሆነ ዳገት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲወጣ የሚያስፈልገው ደግሞ 1.5 ኪሎ ዋት ይሆናል። ሥራው በጥቂቱ ሲበልጥ ነፋሱ ግን ወደ ሲሶ ወርዷል። ነፋሱ ወደ ሲሶ ሲወርድ የማቀዝቀዝ አቅሙ ከቀድሞው ከመቶ 42 እስከ 58 ብቻ ይቀራል። ይህን ከፍታው ካስከተለው ከመቶ 13 እስከ 20 ቅነሳ ጋር ሲያነጻጽሩት የሁለቱ ክብደት ግልጽ ይሆናል፤ የላስታ ሞተር ዋና ጠላት ቁልቁለትና ዳገት የበዛበት መልክዓ ምድሩ እንጂ ከፍታው አይደለም።

ከዚህ በመነሣት አንዳንድ አሽከርካሪዎች ዳገት ላይ ነዳጅ ሰጥቶ መፍጠን ነፋስ እንደሚያመጣና ሞተሩን እንደሚያቀዘቅዝ ያስባሉ። ሐሳቡ በግማሽ ልክ ነው። በአንድ ዳገት ላይ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የማቀዝቀዝ አቅሙ ከመቶ 41 እስከ 74 ያድጋል፤ የሚመነጨው ሙቀት ግን በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ሳይቆራረጥ፣ በተገቢው ማርሽ፣ ረጋ ብሎ መውጣት ከጥድፊያው ይልቅ ለሞተሩ ይቀለዋል። ይህ ጥቅም የሚያበቃው ፍጥነቱ እጅግ ወርዶ ፍሪሲዮን በግማሽ እየያዙ መሄድ ሲጀመር ነው። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ውስጥ በመሆኑ፣ ሲንሸራተት የሚፈጥረው ሙቀት በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይገባል። የገና ሰሞን ጉዞ ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጭነት፣ ዳገት፣ መቆምና መነሣት በአንድነት ይገናኛሉ።

ነፋስ ሲባል የሚቆጠረው ከሞተሩ አንጻር ያለው ነፋስ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ፀሐያማ በሆነ ቀን የተራራ ጎን ሲሞቅ አየሩ ከሸለቆው ወደ ላይ ይነፍሳል። በዚህ ሰዓት ሽቅብ የሚወጣ ሞተር ሳይክል ነፋሱን ከኋላው ያገኘዋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሞተር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላው ቢከተለው፣ ለክንፎቹ የሚደርሰው ነፋስ ግማሹ ብቻ ነው። ከባድ ጭነትን በማለዳ ማውጣት ስለዚህ ሁለት ጥቅም አለው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የሸለቆው ነፋስም ገና አልተነሣም።

ባጃጅ በዚህ ረገድ ከሞተር ሳይክል ይለያል። ሞተሩ ከኋላ ስለተቀመጠ የመንገዱ ነፋስ በቀጥታ አይደርሰውም፤ በምትኩ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ማራገቢያ አየሩን በመሸፈኛ ቆርቆሮ እየመራ በክንፎቹ መካከል ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት ለባጃጅ ወሳኙ የሞተሩ ዙር ነው። ዳገት ላይ አንድ ማርሽ መቀነስ በተመሳሳይ ፍጥነት የማራገቢያውን ዙር ይጨምራል፤ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። ማራገቢያ በሌለው ሞተር ሳይክል ግን ማርሽ መቀነስ ነፋስ አይጨምርም፤ ጥቅሙ በእያንዳንዱ ምት በፒስቶኑ ላይ የሚያርፈውን ጫና ማቃለሉ ነው።

በሞተሩ ላይ የሚደረጉ ለውጦችና ሙቀት

ሩብ ጉልበቱን ለከፍታ የገበረ ሞተር ባለቤት ጉልበቱን የሚመልስበት መንገድ ቢፈልግ አያስገርምም። የተለመዱት ለውጦች እያንዳንዳቸው በሙቀት ላይ የራሳቸው ዋጋ አላቸው።

የመጀመሪያው የኋላውን የሰንሰለት ጥርስ በቁጥር በበዛ ጥርስ መቀየር ነው። ይህ ለውጥ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ጉልበት ያበዛል፤ ሞተሩ ሳይታነቅ ዳገት እንዲወጣና ፍሪሲዮኑ ቶሎ እንዲለቀቅ ይረዳል። ለዳገት ከሁሉም የዋህ የሆነው ለውጥ ይህ ነው። ጉዳቱ የሚታየው በደልዳላ መንገድ ሲሆን፣ ሞተሩ ለተመሳሳይ ፍጥነት በበዛ ዙር ስለሚሠራ የሰበቃ ሙቀት ይጨምራል።

ሁለተኛው ሲሊንደሩን አስፍቶ ትልቅ ፒስቶን ማስገባት ነው። እዚህ ላይ የሚመጣው ጥያቄ የክፍተት ጥያቄ ነው። የአሉሚኒየም ፒስቶን ሲሞቅ ከብረቱ ሲሊንደር በበለጠ ፍጥነት ያብጣል። የፒስቶኑ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሁለቱ አካላት እኩል በ50 ዲግሪ ሲሞቁ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በ0.025 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። የክፍተቱ ጠቅላላ መጠን በመቶኛ ሚሊ ሜትር ጥቂት በመሆኑ፣ ይህ ጭማሪ ዘይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ለማጥፋት ሊበቃ ይችላል። ከሥራው በኋላ ሞተሩን ሳያለማምዱ ወዲያው ጭኖ ዳገት ማስወጣት ፒስቶን ከሚያጣብቁ ስሕተቶች ዋነኛው ነው።

ሦስተኛው የቴስታታውን ፊት በማስላግ የእምቅታ መጠኑን ከፍ ማድረግ፣ አራተኛው ደግሞ ማርሚታውን በክፍት ማርሚታ መተካትና የካርቡሬተሩን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በትንሽ ቀዳዳ መለወጥ ነው። እነዚህ ሁለቱ በከፍታ ቦታ ጥሩ ውጤት ያሳያሉ። ለላሊበላ አየር ትክክለኛውን ድብልቅ ለማግኘት የቀዳዳው ስፋት ለባሕር ጠለል ከተሠራው በዲያሜትር ከመቶ 7 ያህል ሊያንስ ይችላል፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ካንዴላውም ይጠራል። ችግሩ የሚመጣው ያው ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በ30 ዲግሪ ሙቀት እንኳ የቆቦ አየር ከላሊበላው ከመቶ 11 ያህል ይታፈጋል። በላሊበላ ልክ የነበረው ድብልቅ በቆቦ ከመቶ 5 ያህል ቤንዚን ያንሰዋል፤ የሲሊንደሩ ግፊት ከፍ ይላል፤ በከፍታው ምክንያት ተደብቆ የነበረው ማንኳኳትም ብቅ ይላል። አሽከርካሪው ደግሞ ደልዳላውን መንገድ ሲያገኝ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይከፍታል። ስለዚህ ላሊበላ ላይ ጤነኛ ሆኖ የተፈተነ ለውጥ በራያ ቆላ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በላስታ የሚሠራ መካኒክ ለውጡን ሲያደርግ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ሞተር እስከ የት ይወርዳል?» የሚለው ነው።

ከጉልበት ጋር ግንኙነት የሌላቸው ለውጦችም አሉ። ከሲሊንደሩ ፊት ለፊት የሚንጠለጠል የእግር መከለያ ላስቲክ፣ ነፋስ የሚዘጋ የዕቃ ማሰሪያ፣ ክንፎቹ ላይ የሚቀባ ወፍራም ቀለም የአየሩን መንገድ ወይም የሙቀቱን መተላለፊያ ያጠብባሉ። በክረምት በክንፎቹ መካከል ገብቶ የሚደርቅ ጭቃ ከሁሉም ይብሳል። የደረቀ አፈር ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከአሉሚኒየም በመቶ እጥፍ ገደማና ከዚያም በላይ ያነሰ በመሆኑ፣ ጭቃው ለሞተሩ እንደ ጋቢ ነው። በባጃጅ ላይ ደግሞ ለጥገና የተፈታ የማራገቢያ መሸፈኛ ሳይመለስ ቢቀር፣ አየሩ ክንፎቹን ሳይነካ ወደ ውጭ ይበተናል።

ሙቀትን መለካት

አሽከርካሪዎችና መካኒኮች ያለ መሣሪያ የሚጠቀሙባቸው ምልክቶች አሉ፤ የጉልበት መድከም፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ ሲጠፋ ወዲያው የማይቆም ሞተር፣ የካንዴላው ጫፍ ነጭ መሆን። እነዚህ ጠቃሚ ቢሆኑም ብዙዎቹ የሚታዩት ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ ነው። ክንፉ ላይ ውኃ ጠብ አድርጎ ማየትም የተለመደ ፈተና ነው። ይሁን እንጂ በላሊበላ ውኃ በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ የጠብታው መንጫጫት ብቻውን የመጋል ምልክት አይደለም፤ ማንኛውም በጤና የሚሠራ ሞተር ከዚህ በላይ ይሞቃል። ጠብታው ሳይረጭ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ የሚሮጥ ከሆነ ግን ብረቱ ወደ 200 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ እንደደረሰ ያመለክታል።

ከመሣሪያዎቹ በርካሽ የሚገኘው ከርቀት የሚለካው የኢንፍራሬድ መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያነበው ብረቱ የሚያመነጨውን ጨረር ነው፤ ያልተቀባና የተወለወለ አሉሚኒየም ደግሞ የሚያመነጨው ጨረር እጅግ አነስተኛ ነው። በዚህ ምክንያት መለኪያው በጣም የጋለን ቴስታታ እንደ ለብታ ሊያሳየው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቴስታታው ላይ ሁልጊዜ የሚለካበትን አንድ ትንሽ ቦታ ሙቀት በሚቋቋም ጥቁር ቀለም መቀባትና ንባቡን ከዚያ ቦታ ብቻ መውሰድ ነው።

በጉዞ ላይ ለመከታተል የተሻለው ከካንዴላው ሥር እንደ ቀለበት የሚገባ ቴርሞካፕል ነው። በብዛት የሚሠራበት ኬ የተባለው ዓይነት በየዲግሪው ልዩነት 41 ማይክሮ ቮልት ያህል ያመነጫል፤ የ200 ዲግሪ ልዩነት 8 ሚሊ ቮልት ገደማ ይሆናል። መሣሪያው የሚለካው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ልዩነት በመሆኑ፣ ማሳያው ያለበትን ቦታ ሙቀት የማያካክስ ከሆነ ስሕተት ይፈጠራል። ማለዳ በ10 ዲግሪ የነበረ ማሳያ በቀትር ፀሐይ 35 ዲግሪ ቢደርስ፣ ንባቡ በ25 ዲግሪ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ሞተሩን ከእውነቱ የቀዘቀዘ አስመስሎ የሚያሳይ ነው። ቀለበቱ የካንዴላውን ዋና ቀለበት ተክቶ ከገባ ደግሞ ካንዴላው በትክክል መጥበቁን ማረጋገጥ ይገባል። የዘይቱን ሙቀት በዘይት መለኪያው ዘንግ በኩል መከታተል ሁለተኛውን መረጃ ይሰጣል። ቴስታታው በደቂቃዎች ሲለዋወጥ ዘይቱ ቀስ ብሎ ስለሚከተል፣ የረዥም ዳገትን ድምር ጫና የሚናገረው ዘይቱ ነው።

ስንት ዲግሪ ነው አደገኛ የሚባለው? ላይኮሚንግ ለብዙዎቹ በአየር ለሚቀዘቅዙ የአውሮፕላን ሞተሮቹ ያስቀመጠው የቴስታታ የመጨረሻ ገደብ 260 ዲግሪ ሲሆን፣ ለረዥም ዕድሜ ግን ከዚህ ብዙ ዝቅ ማለትን ይመክራል። ይህን ቁጥር በሌላ ብረትና በሌላ መለኪያ ቦታ ለተሠራ የሞተር ሳይክል ቴስታታ እንዳለ መውሰድ ግን አይቻልም። የአሉሚኒየም ቅይጦች ከ200 ዲግሪ በላይ ጥንካሬያቸው በግልጽ መቀነስ እንደሚጀምር፣ የተለመደው የሞተር ዘይትም ከ130 ዲግሪ በላይ በፍጥነት እንደሚበላሽና በየ10 ዲግሪው የመበላሸት ፍጥነቱ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ማስታወስ ይጠቅማል።

ከማንኛውም ጠቅላላ ገደብ የሚሻለው የእያንዳንዱን ሞተር የራሱን መነሻ ማወቅ ነው። ለውጥ ከመደረጉ በፊት በአንድ የታወቀ ዳገት፣ ለምሳሌ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማዋ በሚያስወጣው መንገድ ላይ፣ በተመዘነ ጭነት፣ በተወሰነ ማርሽና ፍጥነት የተገኘው ከፍተኛ ንባብ ይመዘገባል፤ ከለውጡም በኋላ ይኸው ይደገማል። መመዝገብ ያለበት የቴስታታው ሙቀት ብቻ ሳይሆን በቴስታታውና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አለዚያ የታኅሣሥ ማለዳና የግንቦት ቀትር ንባቦች ሊወዳደሩ አይችሉም። የጭነቱ ክብደት፣ የነፋሱ አቅጣጫና ሰዓቱም አብረው ካልተጻፉ ንባቡ ለምርምር የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው።

ሙቀትን መቆጣጠር

የመቆጣጠር ሥራ ከርካሹ መጀመር አለበት። ክንፎቹን ማጽዳት፣ ነፋስ የሚዘጋውን መከለያ ማንሣት፣ የባጃጁን መሸፈኛ ወደ ቦታው መመለስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም ማናቸውም ተጨማሪ ዕቃ ከሚሰጠው ያላነሰ ውጤት አለው። ጭነትን መቀነስም እንዲሁ ነው። የዳገት ሥራ ከክብደት ጋር በቀጥታ ስለሚያድግ፣ ከ300 ኪሎ ግራም ላይ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ተሳፋሪ መቀነስ የሚመነጨውን ሙቀት በአምስት እጅ አንድ ያህል ያቃልላል።

ዘይት በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ውስጥ ከማለስለሻነት ባሻገር ሁለተኛው የማቀዝቀዣ መንገድ ነው። የዘይቱ መጠን ከምልክቱ በታች ሲወርድ የቀረው ዘይት ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ ይሞቃልም። የላስታ ማለዳ ብርድና የዳገቱ ትኩሳት በአንድ ቀን ስለሚፈራረቁ አምራቹ የፈቀደው ባለሁለት ደረጃ ውፍረት ያለው ዘይት ተመራጭ ነው፤ ፍሪሲዮኑ በዘይቱ ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ደግሞ ለሞተር ሳይክል የተዘጋጀ ዘይት መሆን አለበት። የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትትና ሌላ የሙቀት ምንጭ ሊፈጥር ይችላል። ጉልበቱ በብዙ ከፍ ለተደረገ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን እሱም የሚሠራው በነፋስ ስለሆነ በእግረኛ ፍጥነት የሚሰጠው ጥቅም ውሱን ነው።

በካርቡሬተሩ በኩል ያለው መርሕ ሞተሩ ከሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ መነሣት ነው። ላሊበላና ቆቦ መካከል ለሚመላለስ ሞተር የቀዳዳው ስፋት ለቆላው ደኅንነት መመረጥ አለበት፤ በደጋው ጥቂት ቤንዚን መባከኑ ከተበላሸ ፒስቶን ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ዋጋ ነው። ከላሊበላና ከአካባቢዋ ከፍታዎች ለማይወርድ ሞተር ብቻ ነው ለከፍታ የተስተካከለ ቀዳዳ ያለ ስጋት የሚመከረው።

የአቋቋም ልማድም ወሳኝ ነው። ሞተር ሲቆም ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ በውስጥ ያለው ሙቀት ግን ወደ ውጭ መፍሰሱን ስለሚቀጥል የቴስታታው ንባብ ከመውረዱ በፊት ለተወሰኑ ደቂቃዎች ሊጨምር ይችላል። ማራገቢያ ያለውን ባጃጅ ከዳገት በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያለ ጭነት እንዲሠራ መተው ይጠቅማል። ማራገቢያ የሌለውን ሞተር ሳይክል ቆሞ ማሠራት ግን ትርፉ ትንሽ ነው፤ የሚሻለው የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ነዳጅ ቀንሶ በደልዳላ ቦታ ነፋስ እያስመቱ መጨረስ ነው። በጋለ ክንፍ ላይ ውኃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም፤ ድንገተኛው መኮማተር ክንፉን ሊሰነጥቅ፣ ቴስታታውንም ሊያጣምም ይችላል።

ስለ ቁልቁለት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ባለአራት ምት ሞተር ቁልቁለት ሲወርድ ይቀዘቅዛል። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የሚያገኘው ባለሁለት ምት ሞተር ግን ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ በማርሽ ብቻ ረዥም ቁልቁለት ቢወርድ፣ ዙሩ ከፍተኛ ሆኖ ዘይቱ እጅግ ስለሚያንስ ፒስቶኑ ሊደርቅ ይችላል። በየተወሰነ ርቀት ነዳጁን ጥቂት ከፈት ማድረግ ይህን ይከላከላል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ስሌት ሦስት ፍሬ ሐሳቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በላስታ የሞተር መጋል ዋና ምክንያት በከባድ ሥራና በትንሽ ነፋስ መካከል ያለው አለመመጣጠን ነው፤ የአየሩ መቅጠን ያባብሰዋል፣ ብርዱም በከፊል ያቃልለዋል፤ ሁለቱም ግን ዋና ምክንያት አይደሉም። ሁለተኛ፣ ጉልበት ለመመለስ የሚደረጉ ለውጦች በደጋ ብቻ ሲፈተኑ ጉድለታቸው ይደበቃል፤ ፍርዳቸው የሚታወቀው በቆላ ነው። ሦስተኛ፣ መለካት ትርጉም የሚኖረው ከለውጡ በፊት መነሻ ሲያዝና ንባቡ ከአየሩ ሙቀት፣ ከጭነቱና ከነፋሱ ጋር ሲመዘገብ ነው።

ላስታ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ተስማሚ ስፍራ ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከራያ ቆላ እስከ አቡነ ዮሴፍ ግርጌ ድረስ ሰፊ የከፍታ ልዩነት ይገኛል፤ በየዕለቱ የሚመላለሱት ሞተሮችም ተዘጋጅተው የቆሙ መሞከሪያዎች ናቸው። አንድ ቴርሞካፕል፣ አንድ ሚዛንና አንድ የመመዝገቢያ ደብተር ይዞ ከጋራዥ ባለሙያዎች ጋር የሚሠራ ተመራማሪ፣ ዛሬ በልምድና በግምት የሚደረጉት ለውጦች ነገ በቁጥር የተደገፉ እንዲሆኑ ማድረግ ይችላል። ዳገቱን የሚያውቁት አሽከርካሪዎቹና መካኒኮቹ ናቸው፤ ከምርምር የሚጠበቀው ይህን ዕውቀት ሊወዳደርና ሊተላለፍ በሚችል ልኬት ማስፈር ነው።